እህቴን ያጣመምኳት እኔ ነኝ

እናቴ ከልብስ ሰፊው ጋር ሦስት ጊዜ ተጣልታለች፤ ሦስቱንም ጊዜ በአንድ ኮት ምክንያት። ኮቱ የታላቅ እህቴ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነበር። ጥቁር ሰማያዊ፣ ደረቱ ላይ ኪስ ያለው፣ ገና የአዲስ ጨርቅ ሽታው ያልለቀቀው። መስቀያ ላይ ሲሆን ምንም እንከን አይወጣለትም። እህቴ ስትለብሰው ግን የቀኙ ትከሻ ሽቅብ ይሰቀላል፣ የግራው ቁልቁል ይወርዳል፣ የታችኛው ጫፉም በአንድ በኩል ረዝሞ በሌላው ያጥራል።

የልብስ ነገር ደግሞ እናቴን አያመልጣትም። ልብስ ንጽሕና ቤት ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነበረች፤ ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ኮሌታና የሰው እጅጌ በካውያ ስታቃና ነው የምትውለው። የተጣመመ ስፌት ከመንገድ ማዶ ሆና ታያለች። ሰው ሰላም ስትል እንኳ ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው ኮሌታው ላይ ነው። እንዲህ ያለች ሴት ልጇ የጠመመ ኮት ለብሳ ትምህርት ቤት ስትሄድ እያየች ዝም ልትል አትችልም።

ሰፊውን እኛ የሰፈሩ ልጆች «ሜትሩ» እንላቸው ነበር፤ መለኪያቸውን ከአንገታቸው ሲያወልቁ ያየ ሰው ስለሌለ። እናቴ መጀመሪያ ጊዜ ኮቱን ስትመልስላቸው ይቅርታ ጠይቀው ትከሻውን ፈትተው ሰፉት። ሁለተኛ ጊዜ እያጉረመረሙ ሁለቱንም እጅጌ ነቅለው እንደ አዲስ ገጠሙት። ሦስተኛውን ጊዜ እኔም ነበርኩ። ስምንት ዓመቴ ነው፤ የትልቅ ሰው ጸብ ከማየት የሚበልጥ ደስታ አላውቅም። ስለዚህ ማንም ሳይጠራኝ እናቴንና እህቴን ከኋላ ከኋላ ተከተልኳቸው።

እናቴ ገና ከበሩ ጀመረች። ዕድሜ ልኬን ሰፋሁ የሚል ሰው አንድ ትከሻ ማስተካከል እንዴት ያቅተዋል አለች። ሜትሩ ኮቱን ጨርቅ የሚቆርጡበት ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት፣ መለኪያቸውን ከአንገታቸው አወረዱ (በዓይኔ አይቻለሁ፤ በኋላ ለልጆቹ ብናገር ማንም አላመነኝም)፣ ቀኙን ለኩ፣ ግራውን ለኩ፣ ቁጥሩንም ለእናቴ አሳዩዋት። እኩል ነው። እናቴ መለኪያውን ከእጃቸው ነጥቃ ራሷ ለካችው። አሁንም እኩል ነው።

«ታዲያ እሷ ላይ ሲሆን ለምን ይጣመማል?» አለች።

ሰውየው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና እህቴን አዩዋት። በሸሚዝ ብቻ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እንድትቆም አደረጓት። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እስቲ ልጄ፣ እግርሽ ሥር መርፌ ወድቃብኛለች። ጉልበትሽን ሳታጥፊ ዝቅ በዪና ፈልጊልኝ» አሏት።

እህቴ ጎንበስ አለች። እኔ ደግሞ መርፌ ጠፋ ሲባል ቆሜ የማይ ልጅ አልነበርኩም፤ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ በጉልበቴ እየዳህኩ ወለሉን አበጠርኩት። አንድ ቁልፍና ሁለት ስፒል አገኘሁ። መርፌ የለም። ከጠረጴዛው ሥር ስወጣ ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች የእህቴን ጀርባ እያዩ ቆመዋል፤ የእናቴ እጅ አፏ ላይ ነው። ለአንዲት መርፌ ይህን ያህል ማዘን ምን ይሉታል ብዬ ገረመኝ።

የወደቀ መርፌ አልነበረም። ሰው ጎንበስ ሲል የጀርባ አጥንቱ አካሄድ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ሐኪሞችም በዚሁ መንገድ እንደሚያዩት ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ሜትሩ ስንትና ስንት ትከሻ የለኩ ሰው ስለነበሩ ከሐኪሞቹ ቀድመው ደረሱበት። እህቴ ስታጎነብስ የጀርባዋ ቀኝ ጎን ከግራው ከፍ ብሎ ጉብ ይል ነበር። የጠመመ ነገር ከመንገድ ማዶ የምታየው እናቴ ሁለት ወር ሙሉ ከኮት ጋር ስትጣላ ከርማ ነበር።

«ኮቱ ልክ ነው፣ እህቴ» አሏት ሜትሩ እናቴን። «እሱን ተዪውና ልጅቷን ሐኪም አሳዪያት። ደግሞ የሚያሻት ወጌሻ እንዳትፈልጊ። ሐኪም ብቻ።»

እናቴ ኮቱን አጣጥፋ ብብቷ ሥር ይዛ ወጣች። እኔ ጸቡ ያለ አሸናፊ በማለቁ ቅር ብሎኝ፣ ያገኘሁትን ቁልፍ ኪሴ ውስጥ እያገላበጥኩ ሄድኩ።

እህቴ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። የምጠራት «እታለም» ብዬ ነው። እናቴ ካውያዋ ላይ ስለምትውል፣ ሾፌሩ አባቴም በወር አንዴ ብቅ ብሎ ስለሚመለስ፣ እኔን ያሳደገችኝ እታለም ናት ብል ማጋነን አይሆንም። ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ጀምሮ በግራ ጎኗ አንጠልጥላኝ ትዞር ነበር። ሱቅ ስትላክ እዚያው ነኝ፣ ከጓደኞቿ ጋር ስታወራ እዚያው ነኝ፣ እነሱ ገመድ ሲዘሉ ዳር ቆማ ስትቆጥርላቸውም እዚያው ነኝ። ሰፈሩ «ሻንጣዋን ይዛ መጣች» እያለ ይስቅባት ነበር። እኔ በሻንጣነቴ እኮራ ነበር። ሻንጣውን ጥሎ የሚሄድ ሰው የለም። አልጋችንም አንድ ነበር፤ ጀርባዋ ላይ ተለጥፌ ካልተኛሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ስድስት ዓመት ሞልቶኝ ትምህርት ቤት ስገባ፣ ከእንግዲህ በእግርሽ ነው የምትሄጂው ተባልኩ። በነጋታው ማንከስ ጀመርኩ። እግሬ ምንም አልሆነም፤ ግን አመመኝ አልኩ። እታለም አመነችኝ። ሳምንቱን ሙሉ የኔንም የራሷንም ቦርሳ በአንድ እጇ ይዛ፣ እኔን በጎኗ አንጠልጥላ ተመላለሰች። ዳገቱ ላይ ቁና ቁና ስትተነፍስ ይሰማኝ ነበር። በስምንተኛው ቀን እግሬ ዳነ። ይህን ውሸት ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ከሰፊው ቤት በተመለስን በሳምንቱ አክስቴ መጣች። የአባቴ እህት ናት፤ አፏ ላይ የመጣውን ሳታላምጥ የምትናገር፣ ክፋት የሌላት ግን ደግሞ ፍሬን የሌላት ሴት። እናቴ ግቢው ውስጥ አንሶላ አስጥታለች። እኔ በአንሶላዎቹ መሃል እየተሽሎከሎክኩ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ፊቴን ሲነካኝ ደስ ይለኛል። አክስቴ ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ባለሁበት ቆምኩ። ትልቅ ሰው ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው መስማት ያለብኝን ነገር ሲናገር ነው ብዬ አምን ነበር።

«ሐኪሙ ምን ሊነግርሽ ነው?» አለች አክስቴ። «ምክንያቱ እዚሁ ግቢ እየሮጠ። ያቺን ድቡልቡል ይሄን ሁሉ ዓመት በአንድ ጎኗ ተሸክማ፣ የልጅ አጥንት ባይጣመም ነበር የሚገርመኝ።»

እናቴ «አይደለም» እስክትል ጠበቅሁ። አንሶላው በንፋሱ እየተነፋ ፊቴ ላይ ይመጣል፣ ይመለሳል። እናቴ የደረቀውን አንዱን አወረደችና ማጠፍ ጀመረች። ጥጉን ከጥጉ ገጠመች፣ አጠፈች፣ በመዳፏ አለሰለሰች፣ እንደገና አጠፈች። መጨረሻ ላይ ያለችው «ዝም በይ፤ ትሰማለች» ብቻ ነው።

ክው አልኩ። ትልቅ ሰው ልጅ እንዳይሰማው የሚፈልገው እውነት የሆነውን ነገር ብቻ ነው፤ ውሸት ቢሆን ኖሮ ሳቅ ብላ ታልፈው ነበር። የተሸከመችኝን መንገድ በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። ሱቅ፣ ውሃ፣ ወፍጮ፣ ትምህርት ቤት። ዳገቱ። ያቺ የውሸት ሳምንት። ከሁሉ የከፋችው እሷ ነበረች። ምናልባት አጥንቷ እስከዚያ ድረስ ቀጥ ብሎ ቆይቶ፣ የታጠፈው በዚያች ሳምንት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ሐሳብ ብቻዬን ይዤው ዞርኩ።

ጤና ጣቢያው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ጻፈልን። እኔን ቤት የሚጠብቀኝ ስለሌለ አብሬ ሄድኩ። የአጥንት ክፍሉ ኮሪደር ረጅም ነው፤ ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ ተቀብቶ ከዚያ በላይ ነጭ ነው፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ በጄሶ የታሰረ እጅና እግር የያዘ ሰው ተደርድሯል። ሁሉም ሰው የተሰበረበትን ቀን ያውቃል። አንዱ ከደረጃ ወድቆ ነው፣ አንዷን ብስክሌት ገጭቷት ነው። አጠገባችን የተቀመጠች ሴት እህቴን «አንቺስ ምን ሆነሽ ነው የኔ ቆንጆ?» ብላ ጠየቀቻት። እህቴ «እኔ እንጃ» አለች። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ራጅ ተነስታ፣ ተጠርተን፣ ገባን። ሐኪሙ ረጅም ሰው ነው፤ የእጁን ጀርባ አስታውሳለሁ። ፎቶውን መብራት ያለበት ሳጥን ላይ ሰካው። የእህቴ አጥንት ከአንገቷ ሥር ቀጥ ብሎ ይወርድና ደረቷ ጋ ሲደርስ ወደ ቀኝ ይለጠጣል፤ ከዚያ ወገቧ ጋ ተመልሶ ይመጣል። በግራ በኩል ጎድጎድ ያለ ባዶ ቦታ ቀርቷል። አንድ ሕፃን ደህና አድርጎ ያስቀምጣል። ቦታዬን አወቅሁት። እዚያ ላይ ነበር የምቀመጠው፤ አጥንቱ ለኔ ብሎ ቦታ እንደለቀቀ ሆኖ ታየኝ።

ያ ፎቶ ዛሬ እኔ ቤት ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ጎድጓዳው ሕፃን ቀርቶ ጡጫ አይይዝም። ቦታውም ጎኗ አይደለም፤ ከዚያ በጣም ከፍ ብሎ፣ ማንም ልጅ ተቀምጦበት የማያውቅ ቦታ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ግን የምታየው የፈራችውን ነው።

እናቴ ፊቴን ሳታየው ቀርታ መሆን አለበት፣ «አንቺ ውጭ ጠብቂ» አለችኝ። ነርሷ በሩን ከኋላዬ ዘጋችው። ኮሪደሩ ላይ ለብቻዬ ተቀመጥኩ። ቆዩ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ በጄሶው ላይ የተጻፈለትን ስም ሁሉ እያነበበልኝ ሊያጫውተኝ ሞከረ፤ አልሰማሁትም። እዚያ ውስጥ ሐኪሙ ስለኔ እየጠየቀ፣ እናቴም አንድ በአንድ እየነገረችው እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ። ሲወጡ የእናቴ ዓይን ቀልቷል። እህቴ አላለቀሰችም። እናቴ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝና፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ፣ ወደ ፊት እያየች እንዲህ አለች፦

«ከዛሬ ጀምሮ እህትሽ ላይ እንዳትንጠለጠዪ። ሰማሽ?»

ሰማሁ። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ያስፈልገኛል?

ለእህቴ ከጠንካራ ፕላስቲክ ደጋፊ ተሠራላት። ከብብቷ እስከ ዳሌዋ የሚይዝ፣ ከኋላ በሦስት ጠፍር የሚታሰር ነገር ነው። ስትታጠብ ካልሆነ አይወልቅም። ሜትሩ ኮቱን አስፍተው በላዩ ላይ ልክ እንዲሆን አደረጉላት፤ ከእናቴ ጋር ያለ አንዳች ንግግር ታረቁ። አባቴ ከመንገድ ሲመጣ ደጋፊውን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ «ቤቶች! ሰው አለ?» አላት። እታለም በሳምንታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ ነው የሰማኋት።

ምክንያቱም ከዚያ ወዲያ እኔ ሁልጊዜ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ። መጀመሪያ አልጋውን ለቀቅኩ። ይሞቀኛል አልኩና ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፌ መተኛት ጀመርኩ። ደጋፊው ቦታ ይፈልጋል ብላ ነው መሰል እናቴም አልተቃወመችም። ቀጥሎ ትምህርት ቤት ስንሄድ ከኋላዋ ሃያ እርምጃ ያህል እቀር ጀመር፤ ስትቆም እቆማለሁ፣ ስትጠራኝ የጫማዬን ማሰሪያ አስራለሁ። አጠገቧ ብሆን በልማድ እጇን እይዛለሁ፣ እጇን ብይዝ እስባታለሁ፣ ብስባት አጥንቷ እንደገና ይታጠፋል። ሒሳቡ ለኔ እንዲህ ቀላል ነበር።

ከምግብም ቀነስኩ። ድቡልቡል ብላኛለች አክስቴ፤ ያጣመማት ክብደቴ ከሆነ፣ ብቀልል ቢያንስ የቀረው ይተርፍ ይሆናል። እናቴ የምትሠራበት ቤት ልብስ በኪሎ ስለሚቀበል ከበሩ አጠገብ ትልቅ ሚዛን ነበረ። ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ ስጠብቃት፣ ደንበኛ የሌለ ጊዜ አይቼ ጫማዬን አውልቄ እወጣበት ነበር። ሃያ ሦስት። ሃያ ሁለት ከግማሽ። ሃያ ሁለት። አንድ ቀን እናቴ ካውያውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። ከሚዛኑ ላይ ብድግ አድርጋ አወረደችኝ፤ ስታነሳኝ መቅለሌ እጇ ላይ ታወቃት መሰለኝ፣ ፊቷ ዳመነ። በነጋታው ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። የሆድ ትል ነው ተባለና መራራ ሽሮፕ ታዘዘልኝ። ለጥፋቴ የትል መድኃኒት እየጠጣሁ ሁለት ሳምንት ከረምኩ።

እናቴ በእነዚያ ወራት ዓይን ዓይኔን አታየኝም ነበር። ፀጉሬን ስትሠራኝ ከኋላ ነው፤ ስታጎርሰኝ እጇን ብቻ ነው የማየው። ጠልታኛለች ብዬ ደመደምኩ። እፈርድባት አልነበረም። በሷ ቦታ ብሆን እኔም እጠላኛለሁ።

አንድ ጠዋት ግን ነገሩ ፊት ለፊት መጣ። እናቴ ለሥራ ቀድማ ወጥታለች። እታለም ታጥባ ደጋፊውን ደርባ፣ ጠፍሮቹን ከኋላ መሳብ አቅቷታል። የትምህርት ቤት ሰዓት ደርሷል። ጀርባዋን ሰጥታኝ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ «ነይማ ሻንጣዬ፣ እነዚህን ሳቢልኝ። አጥብቀሽ፤ አትፍሪ» አለችኝ። ከላይኛው ጠፍር በላይ የጀርባዋ ቆዳ ይታያል፤ ደጋፊው የፋቀው ቦታ ቀልቷል። እጆቼ ወደ ኋላዬ ሄዱ። አጥብቀሽ ሳቢ ያለችኝን ልጅ አየኋት፤ እኔ በጉልበቴ ስስባት አጥንቷ ቋ ሲል በሐሳቤ ተሰማኝ። እንደገና «ነይ» አለች። ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ያኔ ዞር ብላ አየችኝ። እጆቼ ከጀርባዬ እንደተደበቁ፣ ፊቴም እንዴት ሆኖ እንደነበር እግዜር ይወቀው። የእህቴ ፊት ሲለወጥ አየሁ። አወቀች ብዬ አሰብኩ። እኔ መሆኔን አሁን አወቀች። ቦርሳዬን አንስቼ ሮጥኩ።

ያን ቀን አርፍዳ ነው ትምህርት ቤት የደረሰችው፤ ጎረቤት ለምና። ከዚያ ወዲህ ነይ ብላኝ አታውቅም። ሻንጣዬም ብላኝ አታውቅም።

ደጋፊው ሁለት ዓመት ተኩል ቆየ። ሐኪሙ አጥንቱ ባለበት ቆሟል፣ ቀዶ ሕክምና አያስፈልጋትም ሲል፣ እናቴ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ በጉልበቷ ተንበርክካ መሬት ሳመች አሉ። አሉ የምለው እኔ ስላልነበርኩ ነው፤ የቤት ሥራ አለብኝ ብዬ ቀርቻለሁ። እታለም ደጋፊውን አውልቃ ስትመጣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እሷ ደግሞ አንድ ትከሻዋ በትንሹ ብቻ ከፍ ያለ፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ ቆንጆ ወጣት። ያን ጊዜ ግን መራቁ የኔ ብቻ አልነበረም። ሁለታችንም ተማርነው። እሷ ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ሄደች፣ የጂኦግራፊ መምህርት ሆነች፣ አገባች። እኔም ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ደህና ነሽ ወይ፣ ደህና ነኝ፤ ልጆቹስ፣ ደህና ናቸው። ተጣልተን አናውቅም፤ ግን ሆድና ጀርባ ሆነን ቀረን። እናቴ ስታርፍ በሬሳ ሣጥኑ ግራና ቀኝ ቆመን ነው ያለቀስነው።

ባለፈው ዓመት እታለም ወገቧን አመማት። ባሏ ለሥራ ርቆ ስለነበር ሐኪም ቤት የሚያደርሳት ስታጣ ደወለችልኝ። ከዚያ ስላስቸገርኩሽ ብላ ሁለቴ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ እንደ ባዳ። መኪና ውስጥ ስለ ትራፊክ መብራት አወራን።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የምርመራ ክፍሉ በር ላይ ስንደርስ እኔ በልማዴ ወደ ወንበሮቹ ዞርኩ። «ይግቡ እንጂ፤ እህቷ አይደሉ?» አለችኝ። ገባሁ። እታለም አልጋው ላይ በሆዷ ተኛች። ሐኪሟ አዲሱን ፎቶ አየች፣ ጀርባዋን በጣቷ ተከትላ ወረደች፣ አጥንቱ ያኔ በቆመበት እንዳለ፣ የሚያማት የደከመው ጡንቻ እንደሆነ ነገረችን። እንቅስቃሴ ታደርጋለች፣ ሙቅ ፎጣ ይደረግላታል። «ቦታውን ላሳይዎት» አለችኝ ወደኔ ዞራ፤ «እጅዎን ያምጡ።»

እጄ አልሄደም። የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት ነኝ፤ ሁለት ልጅ አጥቤ፣ አሽቼ፣ አዝዬ አሳድጌያለሁ። እጆቼ ግን እኔን ሳይጠይቁ ወደ ኋላዬ ሄዱ።

እታለም ቀና ሳትል፣ ጉንጯን ትራሱ ላይ እንዳደረገች ሳቀች።

«ይተዉአት ዶክተር። እሷ አትነካኝም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ትጸየፈኛለች።»

ሐኪሟ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። እኔ ግን ድምፅዋን አውቀዋለሁ። ለብዙ ዓመት ደጋግመው ለራሳቸው የነገሩት ነገር ሲሆን እንዲህ ቀለል አድርገው ነው የሚናገሩት። ያ ጠዋት፣ ዞር ብላ ያየችኝ ጊዜ፣ የተለወጠ ፊቷ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጥቶ ቆመብኝ። ያኔ ያወቀችው እኔ ያሰብኩትን አልነበረም።

«ያጣመምኩሽ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን?»

«በጎንሽ ተሸክመሽኝ። እግሬን አመመኝ ያልኩት ውሸቴን ነበር። አክስቴ ለእማዬ ስትነግራት ሰምቻለሁ፤ እማዬም አይደለም አላለቻትም። እንደገና እንዳልጎዳሽ ብዬ ነው እታለም። ተጸይፌሽ አላውቅም።»

እህቴ ቀስ ብላ ተነስታ ተቀመጠች። ሐኪሟ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየች። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አከርካሪ ሕፃን በመሸከም እንዲህ እንደማይሆን፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ጨርሶ እንደማይታወቅ መናገር ጀመረች። እታለም እጇን አንስታ አቋረጠቻት።

«እሱን አውቃለሁ ዶክተር» አለች። ዓይኗን ከኔ አልነቀለችም። «ያኔም ነግረውናል። እማዬ ሐኪሙን ሦስት ጊዜ ጠየቀችው። እኔ ሥራ እውላለሁ ብዬ ሕፃን አሸክሜያት ነው፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ አይደል? ብላ። ሦስቴም አይደለም አላት። የማንም ጥፋት አይደለም አላት። አላመነችውም። እስክትሞት ድረስ አላመነችውም፤ አንቺን ባየች ቁጥር ያ ነበር የሚታያት። እኔ ግን ሰምቼ አምኜዋለሁ። አንቺ…»

«ውጭ ነበርኩ።»

የምጽናናበት ነገር ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እንደ ድሮው ነይ ልያዝሽ የምትለኝ መስሎኝ ነበር። የነገረችኝ ግን ሌላ ነው።

«እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ጠርዝ ላይ ነው የተኛሁት» አለች። «ደጋፊው ጎኔን እየቆረጠኝ፣ መሃል ብተኛ ይሻለኝ ነበር። ግን ትመጪ ይሆናል ብዬ ቦታሽን እተውልሽ ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል።»

እኔ ከዚያ አልጋ ሦስት እርምጃ ርቄ፣ መሬት ላይ፣ እንዳትሰማኝ ብርድ ልብሱን ነክሼ እያለቀስኩ ነበር የምተኛው።